በተክል የተሞላ ሳምፕ ለተክል ገንዳ ይጠቅማል ወይ?

ባለ 200 ሊትር፣ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ በተክልና በትናንሽ ዓሦች ለመሙላት እንዳሰቡ፣ ከሥሩም በተክል የተሞላ ሳምፕ ለማስቀመጥ እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ሳምፑ ብቻውን ለማጣሪያነት ይበቃ እንደሆነ፣ የትኞቹ ተክሎች እንደሚሻሉና ውኃ መቀየር ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ መጠን ተመሳሳይ ገንዳ ለበርካታ ዓመታት ይዣለሁ፤ ሁለት ጊዜም አፍርሼ እንደገና ሠርቼዋለሁና የምመልስልዎ ካጠፋሁት ጥፋት በመነሣት ነው። ሳምፕን ለማያውቁ ሌሎች አባላት በአጭሩ ለመግለጽ፣ ከዋናው ገንዳ በታች የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው፤ ውኃው ከላይ በማፍሰሻ ቧንቧ ይወርድለታል፣ በክፍሎቹ አልፎ ከተጣራ በኋላም በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል።

ስለ ተክሉ ከመናገሬ በፊት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ያስቡበት። ፓምፑ እንደቆመ በመመለሻው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ አቅጣጫውን ቀይሮ ከላይኛው ገንዳ ወደ ታች መሳብ ይጀምራል፤ የቧንቧው አፍ ከውኃው እስኪወጣ ድረስም አያቆምም። የመጀመሪያው ሥራዬ የተበላሸው በዚህ ነው። ውኃው እንዳይንዣቀዥቅ ብዬ የመመለሻውን አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌው ስለነበር፣ አንድ ሌሊት መብራት ሲጠፋ 40 ሊትር ገደማ ውኃ ወርዶ ሳምፑን ሞላና የተረፈው ወለሉን አጥለቀለቀው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40 በሆነ ገንዳ ላይ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 4 ሊትር መሆኑን አስቀድሜ ባሰላ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። እርስዎ የመመለሻውን አፍ ከውኃው ገጽ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያድርጉት፤ ቧንቧው ላይም ከገጹ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይብሱበት፤ ውኃው ትንሽ ሲወርድ አየር በዚያ ገብቶ መሳቡን ይቆርጠዋል። ቀዳዳው በአልጌ እንዳይደፈን በየጊዜው ይጥረጉት። ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ቆሻሻ ሲይዘው በደንብ ስለማይዘጋ፣ በእርሱ ብቻ መተማመንን አልመክርም። ሳምፕዎ ለምሳሌ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ውኃው በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢውል፣ ከ30 ሊትር በላይ ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ያም ሆኖ ተክልና ዓሣ ከመግባታቸው በፊት ፓምፑን ሆን ብለው ደጋግመው እያጠፉ ይሞክሩት።

ፓምፑ ገንዳውን በሰዓት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ቢያዞረው፣ ማለትም ከ600 እስከ 1000 ሊትር ቢገፋ ይበቃል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ፓምፑ ውኃውን ወደ ላይ ሳያነሣ የሚሰጠው ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ሲጨመርበት በብዙ ይቀንሳል። ከሳምፑ ክፍሎች የመጀመሪያው ስፖንጅ የሚቀመጥበት ይሁን፤ ይህ ከሌለ የዓሣው ኩስና የምግቡ ትራፊ በተክሎቹ ሥር ላይ ተከማችቶ ይበሰብሳል። ተክሉ በመካከል፣ ፓምፑ በመጨረሻው ክፍል ይሆናል። በትነት የሚጎድለው ውኃ ጎልቶ የሚታየው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ መስታወቱ ላይ መስመር አስምረው ውኃው ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይከታተሉ፤ አለበለዚያ ፓምፑ ያለ ውኃ ሠርቶ ይቃጠላል።

ለማጣሪያነት ይበቃል ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ይበቃል፤ መጠበቅን ግን አያስቀርም። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ለመደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ተክሎች አሞኒያውን ራሳቸው ስለሚወስዱ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ቢሆንም በመለኪያ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ዓሣ አያስገቡ።

ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳምፕ ውስጥ ያለ ተክል ማጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ካሉት ተክሎች ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ተመጋቢ ነው። በሁለተኛው ሥራዬ ሳምፑን ውኃ ውስጥ ፈጥኖ በሚያድገው ሆርንዎርት በሚባል ተክል ሞልቼ ጠንካራ መብራት በቀን ለ12 ሰዓት አበራሁበት። ታች ያለው ሲለመልም፣ ላይ ያሉት ተክሎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ እድገታቸው ቆመ፤ ጠጠሩንም ሰማያዊ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሸፈነው። ጥፋቱ የላይኛው መብራት መስሎኝ መብራቱን ብዙ ጊዜ ቀያየርኩት። በመጨረሻ ናይትሬቱን ስለካው ዜሮ ሆኖ አገኘሁት። የሳምፑን ተክል በግማሽ ቀነስኩ፣ መብራቱን ወደ 6 ሰዓት አወረድኩ፣ ናይትሬት፣ ፖታሲየምና ብረት ያለበት ማዳበሪያም በመጠኑ መጨመር ጀመርኩ፤ ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ቅጠል ታየ። ከዚያ ወዲህ ናይትሬቱን በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ውስጥ ለመያዝ እሞክራለሁ። ስለዚህ ዓሣው ብዙ፣ የላይኛው ተክል ጥቂት ለሆነበት ገንዳ በተክል የተሞላ ሳምፕ እጅግ ይጠቅማል፤ ተክሉ ብዙ፣ ዓሣው ጥቂት ከሆነ ግን የሳምፑ ተክል ትርፉ ያን ያህል ነው ብዬ አላምንም።

ከተክሎቹ እኔ የምመርጠው ፖቶስን፣ ማለትም በየቤቱ በማሰሮ የሚተከለውን ሐረግ ነው። ሥሩ ብቻ ውኃ ውስጥ ሆኖ ቅጠሉ ከሳምፑ በላይ ስለሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር ያገኛል፤ በዚህም ከላይ ያሉት ውኃ ውስጥ የሚያድጉት ተክሎች የሚፈልጉትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሻማም። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ይበሰብሳል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ትንሽ ተክል ደክዊድ ፈጥኖ ይራባል፣ ናይትሬትም አብዝቶ ይወስዳል፤ ነገር ግን ወደ ፓምፑ ክፍል ካለፈ መግቢያውን ይደፍናልና ከመካከለኛው ክፍል እንዳያመልጥ ወንፊት ያስፈልገዋል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የተባሉት የውኃ ተክሎች በዝግታ ስለሚያድጉ ቦታቸው የላይኛው ገንዳ ነው፤ ውበታቸውንም ሳምፕ ውስጥ መደበቅ ያሳዝናል።

የሳምፑን መብራት የላይኛው በሚጠፋበት ሰዓት ቢያበሩት መልካም ነው። ተክሎች በጨለማ ኦክስጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጡ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ሌሊት ይወርዳል፤ ውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል ታች በርቶለት ቢያድር ይህን መዋዠቅ ይቀንሰዋል። ፖቶስ ብቻ ከሆነ ግን ጋዙን የሚለዋወጠው ከአየር ጋር ስለሆነ ለዚህ ብዙ አይረዳም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር ለመስጠት ካሰቡ ደግሞ፣ ውኃው ወደ ሳምፕ ሲወርድ በመናጡ ከጋዙ ብዙው ስለሚባክን፣ ሳምፑን ትተው ዝግ ማጣሪያ ቢጠቀሙ ይሻላል።

ውኃ መቀየር አይቀርም። ተክሉ ናይትሬቱን ቢወስድም፣ ትነት ማዕድኑን ትቶ ውኃውን ብቻ ስለሚወስድ፣ እየጨመሩ ብቻ በሄዱ ቁጥር የውኃው ጠንካራነት ይጨምራል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሩቡን እቀይራለሁ። የክሎሪን ማስወገጃ የሚጨምሩት ገንዳው ውስጥ ከሆነ፣ መጠኑን የሳምፑንም ውኃ ደምረው ያስሉ። ሊይዙ ያሰቡትን የዓሣ ዓይነትና ብዛት ቢገልጹልኝ ስለ ሳምፑ ተክል ብዛት ይበልጥ ቁርጥ ያለ ነገር ልነግርዎ እችላለሁ።