ስለ ጠምበለል ከጎጃም የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁት ሐረግ የአገራችን ጠምበለል መሆኑን በምን ልለየው?

መልስ፦ በቅጠሉ ይጀምሩ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ፤ እያንዳንዱም በሦስት ንዑሳን ቅጠሎች የተከፈለ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ወደ ቀይ ያደላል፣ ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል። አምስትና ከዚያ በላይ ንዑሳን ቅጠሎች ካሉት ከቻይና የመጣው የጌጥ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በአገራችን ዱር የሚበቅል ባለ ብዙ ንዑስ ቅጠል ዘመድም ስላለው፣ በዚህ ብቻ መጤ ነው ብለው አይፍረዱ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጠምበለል ጨርሶ ሊጠፋ ነው የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ ጨርሶ ይጠፋል ማለት ማጋነን ነው፤ ዝርያው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ባሉ ደጋማ ደኖች ይገኛል። የሚያሰጋው የጎጃሙ ዕጣ ነው። ጠምበለል የሚወጣበት ነባር ዛፍ ይፈልጋል፤ ጥድና ወይራ ያለበት የተፈጥሮ ደን ደግሞ አሁን በአብዛኛው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ባሕር ዛፍና በአዊ በኩል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ መጤ የግራር ዓይነት ኮረብታውን ቢያለብሱም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚቆረጡ ነባሩን ደን አይተኩም።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ የደብር አገልጋይ)፦ ሐረጉ የቅጽሩን ወይራ አንቆ እንዳይገድልብን በየዓመቱ እንመነጥረዋለን። ጥፋት ነው ይላሉ?

መልስ፦ አባቴ፣ ዛፉን ለማዳን ብለው እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ነገር ግን ጠምበለል በራሱ ሥር ከመሬት የሚመገብ እንጂ ከዛፉ የሚመጥ ጥገኛ አይደለም፤ እንዲያውም ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ክብደቱ ቅርንጫፍ ሲያጎብጥ ወይም ችግኝ ሲጋርድ መቀነሱ ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምንጠራው ነው፤ ቅጽሩ ይጽዳ ተብሎ ቁጥቋጦው ሁሉ ሲጨፈጨፍ፣ ከብትም ሲገባበት፣ ከሐረጉ ጋር የወይራው ቡቃያ አብሮ ስለሚጠፋ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በጣና ዳር ባለው በዘጌ ደንስ ጠምበለል ያሰጋዋልን?

መልስ፦ ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስን በሚከለክል የቆየ ሥርዓት ደኑን አቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር (ተፈጥሮና ሰው ተጣጥመው የሚኖሩበት ጥብቅ) ክልል ውስጥም ይገኛል። ሆኖም ለቡናው ሲባል ሥር ሥሩ ስለሚጸዳ፣ ዛፍ መኖሩ ብቻ ለሐረግ ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ከደን ነቅዬ በግቢዬ ልትከለው?

መልስ፦ አይንቀሉ። ደኑ የደብር ከሆነ በደብሩ አስተዳደር ፈቃድ በከፊል የጠነከረ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር በጥላ ሥር ያጽድቁ። ከአንድ ሐረግ የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ የዘር ይዘታቸው አንድ ስለሆነ፣ ሐሳብዎ ወደ ደን መልሶ ለመትከል ከሆነ ከተለያዩ ሐረጎች ይውሰዱ።