«ሾፌሩን ነው የሚያናግሩት» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ሴት ተመራማሪዎች ናቸው። አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የአፈር ተመራማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ወደ ጮቄ ተራራ የአፈር ናሙና ልወስድ ስወጣ ገበሬዎቹ እኔን ትተው ሾፌሩን ነው የሚያናግሩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኔም መስክ እወጣ በነበረ ጊዜ ደርሶብኛል፣ ያንገበግባል። ከመኪና ሳትወርዱ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ፤ ሲጠየቅ «እሷን ጠይቋት፣ ሥራው የእሷ ነው» ይበል። ከዚያ መቆፈሪያውን ራስሽ ያዢ። አንድ ቀን አንድ አባት ስቆፍር ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና እፍኝ አፈር አንስተው መዳፌ ላይ አደረጉ፤ «ይኼ ኖራ ይፈልጋል ይሉናል፣ እውነት ነው?» አሉኝ። እኔም አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ኖራ አሲዱን እንደሚያረግብ አስረዳኋቸው፣ እሳቸውም ዱሮ ስንት ኩንታል ያፍሱ እንደነበርና አሁን ስንት እንደቀረ ነገሩኝ፣ ወሬያችን እስኪመሽ አላለቀም። የገበሬዎቹን ሚስቶችም አናግሪ፤ ስለ ጓሮውና ስለ ዘሩ ወንድ ተመራማሪ በቀላሉ የማይሰማውን ይነግሩሻል። ደግሞ ሽንት ቤት የለም ብለሽ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጪ አትዋዪ፣ ጤናሽን ይጎዳሻል። የት እንደምታርፉ ከመውጣታችሁ በፊት ይወሰን። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ጥያቄ፦ ዳታውን የሰበሰብኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሲታተም ግን ስሜ ሦስተኛ ላይ ሆነ።

መልስ፦ ይኼ በደል ነው። የሠራሽውን ከነቀኑ ዘርዝረሽ አማካሪሽን በኢሜይል ጠይቂ። ለሚቀጥለው ደግሞ የስም ቅደም ተከተሉ ዳታ ሳይሰበሰብ በፊት በጽሑፍ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ፒኤችዲም ጀምሬያለሁ። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ላቋርጥ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! አታቋርጪ፣ ጊዜው እንዲራዘምልሽ ጠይቂ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ መብትሽ ነው። ላብራቶሪ የምትገቢ ከሆነ የምትነኪያቸውን ኬሚካሎች ስም ጽፈሽ ለሐኪምሽ አሳዪ፣ ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ፣ ከሞጣ። ልጄ ማስተርሷን ጨርሳ ደግሞ ዶክትሬት ትላለች። መቼ ልታገባ ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የዚያ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናቸው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው ኮሎምቢያ ድረስ ሄደው ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መምራት ጀመሩ፣ በ2014 ደግሞ የሎሬያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸለሙ። ትዳሩን ለእሷ ይተዉላት፤ ምርምርና ትዳር አብረው ይሄዳሉ። ይልቅ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ «ምንድን ነው የምታጠኝው?» ብለው ይጠይቋትና እስኪገባዎ ድረስ ታስረዳዎት።

ጽፋችሁልኝ መልስ ያላገኛችሁ፣ ደብዳቤያችሁ እጄ ላይ ነው፤ ሳምንት እመለስበታለሁ።