«ጋሼ፣ ስንት ባመጣ ነው የሚቀበሉኝ?»

ባለፈው ማክሰኞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ላይ ማንበብ ሆድ ይገለብጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ግን ወፍራም የጂአርኢ መጽሐፍ ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ ውጭ አገር ማስተርስና ፒኤችዲ ለመማር የሚወሰደው ፈተና ነው። ላብ ላብ ብሎታል፤ ገጹን ግን አይለቅም።

ወሬ ጀመርን። የውሃ ምህንድስና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ እንደወጣሁ ስነግረው ፊቱ በራ፤ ለካ እሱም ያንኑ ነው ያጠናው።

«ጋሼ፣ ስንት ባመጣ ነው የሚቀበሉኝ?»

«ጥሩ ካመጣህ ይቀበሉሃል» አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ ለመስጠት ዕድሜ ልክ መማር አያስፈልግም ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ አመስግኖኝ ወረደ። መቀመጫው ላይ የታጠፈ ወረቀት ረስቷል። ብጠራውም አልሰማኝም። ወረቀቱ ላይ 10 ዩኒቨርሲቲዎች በእጅ ተዘርዝረዋል። ከእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት አንድ ቁጥር አለ፦ 165፣ 168፣ 163። ሌላ ምንም የለም። የትምህርት ክፍል ስም የለም፣ የመምህር ስም የለም። ቁጥር ብቻ።

ለእሱ የነፈግኩትን መልስ ነው እዚህ የምጽፈው። እንደ እሱ ለምታስቡትም ጭምር።

ይህ የቁጥር ነገር ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ነበር። ውጤት የመጣ ሰሞን ከጎረቤት እስከ ባለሱቁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት አመጣህ?» አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ ፀጉሩ እስኪሸብት «ባለ አራት ነጥቡ» እየተባለ ይኖራል። በኋላ ምን እንደሠራ የሚጠይቅ የለም። እናንተ ደግሞ የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና አያችሁ። ከተፈታኙ ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ የመውጫ ፈተና መጣ። እዚሁ አገር ማስተርስ ልማር ያለ ደግሞ ጋት የሚባል የመግቢያ ፈተና አለበት። እንዲህ ከወንፊት ወደ ወንፊት ሲገለበጥ ያደገ ሰው የውጭውንም እንደዚያው ቢያስበው አልፈርድበትም። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

እኔ ስፈተን የጂአርኢ ውጤት ከ200 እስከ 800 ነበር። ያሁኑ አቆጣጠር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቃላቱን በካርቶን ቁራጭ እየጻፍኩ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትጠይቀኛለች። «ሎኳሸስ?» ትለኛለች። «ወሬ የሚያበዛ» እላታለሁ። ቃሉን ወደደችው። እስከ ዛሬ አንዲት ጎረቤታችን በበሩ ስትገባ በመስኮት አይታ «ሎኳሸስ መጣች» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ ሽምደዳ ቤታችን ውስጥ የቀረው ይኼ ብቻ ነው።

እና ውጤት ዋጋ አለው ወይስ የለውም? አለው። ግን የዋስ ዋጋ ነው ያለው።

ሥራ ስትቀጠሩ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ቀጣሪው የሚቀጥራችሁ ዋሳችሁ ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም። ስለማያውቃችሁ ብቻ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ፕሮፌሰርም እንዲሁ ነው። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ 3.7 ያያል። ከ3.7ቱ ጀርባ ያለውን አያውቅም። መምህራችሁ ኤ የሚሰጠው በመከራ ይሁን በለጋስነት አያውቅም። ደሴ የት እንዳለችም ላያውቅ ይችላል። ደህና የሒሳብ ውጤት ካላችሁ «ይህ ልጅ ሒሳቡን ይችላል» ብሎ ይፈርምላችኋል። ፊርማው ያን ያህል ነው። ቀጥሎ ያለው የእናንተ ሥራ ነው።

ስሙ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ዋሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ለዚህ ነው «ፈተና ምንም አይደለም» የሚላችሁን ሁሉ ቶሎ አትመኑ የምለው። ብዙ ጊዜ ሌላ ዋስ ያለው ሰው ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በኮሮና ጊዜ ትቶት የነበረውን ኤስኤቲ የሚባል የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2022 መልሶታል። ያ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ግን እኛንም ይመለከታል። ከፍ ያለ ኮርስ ከማይሰጥበት ትምህርት ቤት የመጣን ጎበዝ ልጅ ያለ ፈተና መለየት ከባድ ነው ብለዋል።

ቁጥሩን ማንበብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንድ ተማሪዬ 150 አምጥቶ በደስታ ደወለልኝ። «ከ170 ነው፤ 88 በመቶ ማለት ነው!» አለኝ። አብሽር ብዬ አረጋጋሁት፤ ግን እውነቱን መናገር ነበረብኝ። የጂአርኢ ቁጥር ከዜሮ አይጀምርም። የሒሳቡም የቋንቋውም ትንሹ 130፣ ትልቁ 170 ነው። 150 መሐል ላይ ነው። ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይመዝኑም። በቋንቋው 160 ያመጣ ከ10 ተፈታኝ 8ቱን ጥሎ ያልፋል። በሒሳቡ 160 ያመጣ ግን ግማሽ አካባቢ ነው፤ ሒሳቡን የሚደፍን የዓለም ሕዝብ ብዙ ነው። ስለዚህ ኢንጂነሪንግ ያጠና ልጅ ሒሳቡ ዝቅ ካለ ያስጠይቀዋል። ቋንቋው መካከለኛ ቢሆን ያን ያህል አይነካውም። ጽሑፉ ከ0 እስከ 6 ነው፤ እሱን አነሳሁት እንጂ ለኢንጂነር እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም።

163 እና 165 መካከል ያለው ልዩነት ግን ልዩነት አይባልም። ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን ሊገለባበጥ ይችላል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ራሱ ዩኒቨርሲቲዎች በጂአርኢ ቁጥር ብቻ መቁረጫ እንዳያበጁ ይመክራል። ሁሉም ይሰማዋል ማለት አይደለም። ሺህ ማመልከቻ የተቆለለበት ሰው መቁረጫውን ባይጽፈውም በልቡ ይይዘዋል።

ፈተናው ጎበዝ ተመራማሪ ይለያል ወይ ለሚለው ጥናቱ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ከ80,000 በላይ ተማሪዎችን የሚያጠቃልል የጥናቶች ጥናት አለ። ውጤቱ የመጀመሪያ ዓመት የክፍል ውጤትን በመጠኑ ይተነብያል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 683 የባዮሜዲካል የፒኤችዲ ተማሪዎችን አዩ። ማን ትምህርቱን እንደሚጨርስ፣ ማን ብዙ ጽሑፍ እንደሚያሳትም ከጂአርኢው ማወቅ አልቻሉም። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላል፤ አይጣሉም። ገብተው የተጠኑት መጀመሪያውኑ በወንፊት ያለፉት ናቸው። ዱቄቱ ተነፍቶ ካለቀ በኋላ እንጀራው ዓይን ያውጣ አያውጣ ከወንፊቱ ቀዳዳ አይታወቅም። እርሾው፣ ውሃው፣ ምጣዱ፣ የጋጋሪዋ እጅ አለ።

እርሾው ምንድነው ካላችሁኝ፣ መምህራችሁ ስለ እናንተ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። እዚህ ላይ በራሴ ላይ ልመስክር።

ከዓመታት በፊት ሁለት ተማሪዎቼ በአንድ ሰሞን አመለከቱ። ወንዱ በሒሳብ 167 አመጣ፣ ሴቷ 158። ለእሱ ደብዳቤ ጻፍኩለት ብል ውሸት ነው። «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» አልኩት። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ልጁ ምን ያድርግ? ከጓደኛው አንድ ደብዳቤ ተቀበለ፣ ስሙን ቀየረ፣ አመጣ። ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ። ቆሜ ፈረምኩ። ቆሜ! ወንበር እንኳ አልሳብኩም።

ልጅቷ ግን ጽፋ አላመጣችም። ደብተሯን ይዛ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ በቦርከና ወንዝ ላይ ነበር። የውሃ ከፍታ መዝገቡን ስታገላብጥ በአንድ ክረምት ለ19 ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ አገኘች። ነሐሴ ላይ ቦርከና ለ19 ቀን ንቅንቅ ሳይል ይውላል? ያንን መዝገብ ከእሷ በፊት ስንት ሰው ተጠቅሞበታል፤ እኔ ራሴ አስተምሬበታለሁ። ማናችንም አላየነውም። እሷ በእግሯ ሄዳ መለኪያውን በየቀኑ የሚያነቡትን አባት ፈልጋ አገኘች። ታመው ተኝተው ነበር። ሲድኑ ያልነበሩበትን ቀን ሁሉ በመጨረሻው ቁጥር ሞሉት። ሰውየው አልዋሹባትም፤ ቡና አፍልተው ነገሯት። ቀኖቹን አውጥታ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራችው።

ይህንን ጻፍኩ። ጨዋ ናት አላልኩም፣ ታታሪ ናት አላልኩም። 19 ቀን ተመሳሳይ ቁጥር አየች፣ ሄደች፣ ጠየቀች፣ አስተካከለች፤ እኔ መምህሯ አላየሁትም ነበር አልኩ። አንድ ገጽ አልሞላም።

እሷ ሙሉ ወጪዋን የሚሸፍን ቦታ አገኘች። እሱ ካመለከተባቸው 7 ቦታዎች አንዱም አልተቀበለውም። በሚቀጥለው ዓመት አስጠራሁትና ፕሮጀክቱን አስወራሁት። ለካ የኮምቦልቻን የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎች በዝናብ እየተበሰበሰ በሜትር ለክቷቸዋል! አንድም ቃል አልነገረኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ያንን ጻፍኩለት። በዚያው በ167ቱ ሁለት ቦታ ገባ። ሁለት ሰው ጥናት አይሆንም፤ ስታቲስቲክስ አስተምሬያለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ያ የባከነ ዓመት የእሱ ጥፋት አልነበረም።

ስለዚህ መምህራችሁ «ጽፈህ አምጣ» ሲላችሁ እሺ በሉ፤ የምታመጡት ግን ደብዳቤ አይሁን። የሠራችሁትን በአንድ ገጽ አምጡለት። ምን ተበላሸ፣ ምን አስተካከላችሁ፣ ቁጥሩ ስንት ነበር። ሰነፍም መምህር ቢሆን ከዚያ ላይ አንድ ነገር ያነሳል።

ገንዘቡን ደግሞ አስቡት። ፈተናው 220 ዶላር ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ መፈለግ አለ፣ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፣ ማደሪያ አለ። ቤት ሆኖ መፈተንም ይቻላል፤ ግን ኢንተርኔቱ መሐል ላይ ጥሏችሁ ቢሄድስ? እዚህ ስንት ወር ዳታ ሳይኖር እንደኖርን አልረሳነውም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የፈለጋችሁትን የትምህርት ክፍል ገጽ ክፈቱ። የዩኒቨርሲቲውን ዋና ገጽ አይደለም፣ የትምህርት ክፍሉን። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙዎቹ ጂአርኢን ትተዋል፤ አንዳንዶቹ መልሰዋል። አንዱ «ግዴታ ነው» ይላል። አንዱ «ብትልኩ እናያለን» ይላል። አንዱ «ብትልኩም አናይም» ይላል። መካከለኛው ላይ ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ላኩ፤ ካልሆነ ዝም በሉ። እኔ በጊዜዬ ይህንን ሳላጣራ ለማይፈልጉ ሁለት ቦታዎች ከፍዬ ልኬያለሁ። ያኔ ያ ገንዘብ የወር አስቤዛ ነበር።

የተፈተናችሁ ዕለት ለ4 ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ መላክ ይቻላል፤ የቦታዎቹን ስም ይዛችሁ ግቡ። ኢቲኤስ በነጻ የሚሰጣቸው ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች አሉ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ለመጨረሻው ሳምንት አድርጉት። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠውን የድሮ መጽሐፍ አታምልኩት፤ ፈተናው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ አጥሮ ከ2 ሰዓት በታች ሆኗል። የጂአርኢ ውጤት 5 ዓመት ያገለግላል፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ የቶፍልና የአይኢኤልቲኤስ 2 ዓመት። የእንግሊዝኛውን ፈተና፣ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ መሆኑን ሬጅስትራር ከጻፈላችሁ የሚተዉ ቦታዎች አሉ። ጠይቁ፤ በኢሜይል መጠየቅ በነጻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ነው ግን ወሎዬን ያንገላታል። ስማችሁ። ፓስፖርቱ ላይ መሐመድ በአንድ ኤም፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት ኤም፣ የፈተናው ምዝገባ ላይ መጨረሻው በ«አይ» እና በ«ዲ» ፊደል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይም አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት አትጻፉ። በፓስፖርቱ ሂዱ፣ በሁሉም ላይ እሱኑ ጻፉ።

ወረቀቱን የረሳኸው ልጅ፣ ይህ ከደረሰህ ልንገርህ። ዝርዝርህን ቁጭ ብዬ አጣራሁት። ከ10ሩ 4ቱ በአንተ የትምህርት ክፍል ጂአርኢ አይፈልጉም። አንዱ ጭራሽ አያይም፤ 168 ብለህ የጻፍክበት እሱ ነው። ወረቀቱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለችው ጀበና ቡና ዘንድ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እኔም እዚያው ነኝ። የጂአርኢ መጽሐፉን ቤት ተወው። የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ይዘህ ና።