ከኤልፍ እስከ ኦርክ፦ ስለ ዝርያ ምርጫ ጥያቄና መልስ

መዝገብ ያዥ፦ ዛሬ በጠረጴዛ ዙሪያ የምንጫወታቸውን የምናብ ዓለም ጨዋታዎች፣ በተለይ የዝርያን (ተጫዋቹ የሚሆነውን የፍጡር ዓይነት) ጉዳይ በተመለከተ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የምትጫወቱትን እትም ጻፉ፤ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ የ2014ቱና የ2024ቱ እትሞች በዝርያ ላይ አይስማሙም። ካራክተር (የምትጫወቱትን ገጸ ባሕርይ) ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ ጨዋታ መሪያችሁን (ዓለሙንና ታሪኩን የሚመራውን) አነጋግሩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ነጭ ጺም፦ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ዝርያ ተደርድሮ ሳለ አብዛኛው ተጫዋች ሄዶ ሄዶ ሰውን ይመርጣል። የምናብ ድህነት አይመስልህም?

መዝገብ ያዥ፦ አይመስለኝም። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ይነሳልና ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

እውነት ነው፣ ሰው ቀዳሚ ነው። በ2017 የጨዋታው ድረ ገጽ ከሆነው ከዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ተገኝቶ ይፋ በሆነው መረጃ ሰው አንደኛ፣ ኤልፍ (ጆሮ ሹሉ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው) ሁለተኛ ነበር፤ በብዛት የተሠራው ካራክተርም ሰው ተዋጊ ነው። ነገሩ ግን ከሕጉ ይጀምራል። በ1974ቱ የመጀመሪያ እትም ድዋርፍ (አጭሩ ጺማም) በተዋጊነት ከ6ኛ የዕድገት ደረጃ አያልፍም ነበር። ሆቢት (በቁመት ትንሹ፤ ስሙ ኋላ ሃፍሊንግ ሆነ) 4ኛ ላይ ይቆማል። ኤልፍ በተዋጊነት 4ኛ፣ በአስማተኛነት 8ኛ ላይ። ሰው ግን ጣሪያ የለበትም። በ1981ዱም እትም ኤልፍ፣ ድዋርፍና ሃፍሊንግ ራሳቸው እንደ ክላስ (እንደ ተዋጊና አስማተኛ ያለ የካራክተር ሙያ) ተቆጥረው ኤልፍ 10ኛ፣ ድዋርፍ 12ኛ፣ ሃፍሊንግ 8ኛ ላይ ይገታሉ። ረጅም ዘመቻ (ለብዙ ጊዜ የሚቀጥል የጨዋታ ታሪክ) ለሚያስብ ተጫዋች ሰው መሆን ማለት እስከ መጨረሻው መዝለቅ ማለት ነበር።

ጣሪያው በ2000 በወጣው 3ኛ እትም ተነሳ። ያኔ ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀር አንድ ተጨማሪ ልዩ ችሎታና ተጨማሪ የክህሎት ነጥብ ተሰጠው። በ2014ቱ እትም ደግሞ ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ ልዩ ችሎታ የሚሰጥ የሰው አማራጭ መጣ፤ ሒሳብ የሚወዱ ተጫዋቾች ሁሉ ወደዚያ ጎረፉ። ስለዚህ ከሰው ምርጫ ጀርባ ብዙ ጊዜ ስሌት አለ።

ከስሌቱ ውጭ የሆነው ግን ለእኔ ይበልጣል። ሰው የመረጠ ተጫዋች ጊዜውን ሁሉ ለካራክተሩ ታሪክ ያውላል፤ ጆሮው ለምን እንደሾለ ማብራራት የለበትም። አገር የለቀቀ ወታደር፣ ዕዳ ያለባት ሐኪም፣ እምነቱን የጣለ ካህን፣ እነዚህ ሁሉ ምናብ ይጠይቃሉ። ዝርያ ምናብን አይተካም።

አዲስ ገቢ፦ ምርጡ ዝርያ የትኛው ነው?

መዝገብ ያዥ፦ ለየትኛው ክላስ? በየትኛው እትም? ይህን ሳትነግረኝ መልስ የለኝም።

ወለላ፦ በ2024ቱ እንጫወታለን። ቡድናችን ውስጥ በጨለማ የማላይ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሃፍሊንግ ነኝ። ተሸወድኩ?

መዝገብ ያዥ፦ አልተሸወድሽም። እትሙን ስለጻፍሽም አመሰግናለሁ። በ2024ቱ መጽሐፍ ካሉት 10 ዝርያዎች በጨለማ የማያዩት ሰው፣ ሃፍሊንግና ጎልያዝ (የግዙፎች ዘር) ብቻ ናቸው። ግን የጨለማ ዕይታ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀን ማድረጊያ አይደለም። ድቅድቁን ጨለማ እንደ ደብዛዛ ብርሃን ያሳያል እንጂ፤ ቀለም የለም፣ የተደበቀ ነገር በዓይን ለመፈለግ የሚጣለው ዳይስም ሁለት ጊዜ ተጥሎ ዝቅተኛው ይወሰዳል። ወጥመድ ያለበት መተላለፊያ ውስጥ ችቦ ያልያዘ ቡድን ዋጋውን ይከፍላል። ችቦውን አንቺ ያዢላቸው።

ደግሞ የአንቺን ዕድል አትናቂው። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 1 ሲመጣብሽ ደግመሽ ትጥያለሽ። ከ20 አንድ የነበረው ክፉ ዕጣ ከ400 አንድ ይሆናል። ይህ ከ1ኛ ደረጃ እስከ 20ኛ የማያረጅ ስጦታ ነው።

ሰባራ ጋሻ፦ ግማሽ ኤልፍን ከ2024ቱ መጽሐፍ ለምን አወጡት? የምወደው እሱን ነበር።

መዝገብ ያዥ፦ ግማሽ ኤልፍም ግማሽ ኦርክም ወጥተዋል፤ በምትካቸው ኦርክ (ጉልበታሙ ፍጡር) ራሱ፣ ጎልያዝና አሲማር (የሰማያዊ ፍጡራን ዘር) ገብተዋል። ግማሽ ኤልፍ ከ1978 ጀምሮ በዋናው የተጫዋች መጽሐፍ ውስጥ ስለነበር ቅሬታህ ይገባኛል። ሆኖም አዲሱ ሕግ ከቀድሞ መጽሐፍ ዝርያ አምጥቶ መጫወትን ይፈቅዳል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በ2024ቱ የችሎታ ነጥብ ጭማሪ የሚመጣው ከካራክተሩ የቀድሞ ሕይወት ነው፣ ከዝርያው አይደለም። የድሮውን የግማሽ ኤልፍ ጭማሪ ከዚያ ላይ አትደርብ። ጨዋታ መሪህንም አነጋግር።

ቀስተኛው፦ ጭማሪውን ከዝርያ ላይ ማንሳታቸው እኮ ነው ሁሉን ያበላሸው። የድዋርፍ ጥንካሬና የኤልፍ ቅልጥፍና ከሌለ ልዩነቱ የጢም ብቻ ነው።

ሰባራ ጋሻ፦ ድዋርፍን ድዋርፍ ያደረገው የ+2 ነጥብ ጭማሪ ብቻ ነበር እንዴ? አሁንም መርዝ በቀላሉ አይበግረውም፣ ድንጋይ ረግጦ የሩቁን እንቅስቃሴ ይሰማል፣ በየደረጃው የሕይወት ነጥብ ይጨመርለታል።

ቀስተኛው፦ እኔ የምለው ኦርክ አስማተኛ መጫወት ከባድ መሆኑ ራሱ ታሪክ ነበር። አሁን ሁሉም ቀላል ሆነ።

ወለላ፦ ለአንተ ታሪክ፣ ለእኔ ቅጣት። ኦርክ አስማተኛ ስጫወት በ2016ቱ መጽሐፍ ከአእምሮ ነጥቤ 2 ይቀነስብኝ ነበር። ለምን ሲባል ኦርክ ስለሆንኩ። ጠረጴዛው ላይ ግን ማንም ስለ ካራክተሬ ኦርክነት አንድ ቃል አልጠየቀኝም፤ ኦርክነቴ ቅነሳው ላይ ብቻ ነበር።

ቀስተኛው፦ ያ የጨዋታ መሪሽ ጥፋት ነው።

ወለላ፦ እሱን ነው የምለው!

መዝገብ ያዥ፦ ሁለታችሁም ቆም በሉ። የኦርኩ ቅነሳ በ2020 ተነስቷል፤ ነጥብን ከዝርያ ነጥሎ ማዘዋወርም በዚያው ዓመት በአማራጭ ሕግነት ተፈቅዷል። ስለዚህ ነገሩ በ2024 ድንገት የወረደ አይደለም። ቀስተኛው የሚለው ክብደት ያስፈልጋል፣ በዚህ እስማማለሁ። ወለላ ግን ቁስሉን በትክክል ነክታዋለች፤ ክብደቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ዓለሙ ዝም ካለ ዝርያ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ይህን ክርክር እዚህ እናቁም።

የዋሻ መብራት፦ ቲፍሊንግ በዚህ ዘመን ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ቀንድና ጅራቱ ስለሚያምር ነው?

መዝገብ ያዥ፦ መልኩ ድርሻ አለው። ቲፍሊንግ፣ የአጋንንት ደም ያለበት ዝርያ፣ በ1994 ፕሌንስኬፕ በተባለው የጨዋታው ዓለም ሲመጣ እያንዳንዱ የየራሱ መልክ ነበረው፤ አንዱ ኮቴ፣ ሌላው እንግዳ ዓይን። በ2008ቱ 4ኛ እትም ከድራጎንቦርን (ዘንዶ መሰል ሰው) ጋር ወደ ዋናው መጽሐፍ ሲገባ ትልልቅ ቀንድና ጅራት የሁሉም መለያ ሆነ። በዚያው መጽሐፍ ኖም የተባለው ትንሽ ፍጡርና ግማሽ ኦርክ ቦታቸውን አጡ፤ የተመለሱት በ2009 በተከታዩ ጥራዝ ነው። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ ይህ የጨዋታው ታሪክ ሁሉ ነው።

ከመልኩ ይልቅ ግን የቲፍሊንግ ታሪክ ከደጅ ይጀምራል። ያልሠራው በደል ፊቱ ላይ ተጽፎ ይወለዳል። መንደር ሲገባ ሰው ያፈገፍጋል፣ እናት ልጇን ትስባለች፤ ተጫዋቹ አንድም ቃል ሳይናገር ትዕይንቱ ተጀምሯል። ከቤተሰቡ ያልተስማማ፣ በመልኩ የተፈረደበት፣ ራሱን እንደገና መፍጠር የሚፈልግ ሰው እዚያ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ይህን ቀላል ነገር ብዬ አላልፈውም፤ ሰዎች ከጠረጴዛው ሲነሱ ይዘውት የሚሄዱት ይህንን ነው።

ታዲያ መንደሩ ካላፈገፈገ፣ ለምን እንደማያፈገፍግም ካልታወቀ፣ ቲፍሊንጉ ቀንድ የተቀጠለለት ሰው ነው። ለዚህ ነው በርኒንግ ዊል የተባለውን ጨዋታ ደጋግሜ የማነሳው። እዚያ ኤልፎች ሐዘን፣ ድዋርፎች ስስት፣ ኦርኮች ጥላቻ የሚባል የራሳቸው ነጥብ አላቸው። ለዘመናት የሚኖር ኤልፍ የሚያየው መከራ ሁሉ ሐዘኑን ያሳድገዋል፤ 10 ሲሞላ ካራክተሩ ከተጫዋቹ እጅ ይወጣል። ኤልፍ መሆን ምን እንደሚያስከፍል ሕጉ ራሱ በየጨዋታው ይጠይቅሃል። ሻዶውራን የተባለው ጨዋታም በ1989 ኦርክንና ትሮልን (ግዙፍ ፍጡር) ሲያስገባ የሚጠላቸውን ኅብረተሰብ አብሮ ነው የጻፈው። ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይህን ሥራ ለጨዋታ መሪው ትቶለታል፤ ጨዋታ መሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። መሪ የሆናችሁ፣ ለእያንዳንዱ ካራክተር ዝርያ ቢያንስ አንድ የሚወደው፣ አንድ የሚፈራውና አንድ ከእሱ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ዓለማችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ለጀማሪ ምርጡ ዝርያ የትኛው ነው?

መዝገብ ያዥ፦ እትሙ አሁንም የለም። ክላሱም የለም። በ2024ቱ ነው ብዬ ልገምትልህ፦ ሰው ውሰድ። አንድ ክህሎት፣ አንድ ልዩ ችሎታ፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላም ዳይስ ደግሞ የመጣል ዕድል ይሰጥሃል፤ የምታስታውሰው ሕግ ጥቂት ነው። ጨዋታ መሪህን አነጋግር።

ነጭ ጺም፦ የሚበርሩ ዝርያዎችስ? መሪያችን አራኮክራ (የወፍ ሰው) ከልክሎናል።

መዝገብ ያዥ፦ መብቱ ነው። በ2015 ሲወጣ ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ 50 ጫማ ይበርር ነበር፤ ገደሉ፣ ግንቡ፣ ጉድጓዱ ሁሉ ዋጋ ያጣል። መብረር ካማረህ በ2024ቱ ድራጎንቦርን በ5ኛ ደረጃ ለ10 ደቂቃ ክንፍ ያወጣል። አብዛኛው መሪ ይህን አይከለክልም።

የዋሻ መብራት፦ ከቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ዝርያን በደንብ የያዘው የቱ ነው?

መዝገብ ያዥ፦ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው የያዝነው። ቀጣይ።

ቀስተኛው፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ዘንዶ ሆኜ መጫወት እፈልጋለሁ። ድራጎንቦርን አላልኩም፣ ዘንዶ። መሪዬ በጨዋታው ታሪክ ተደርጎ አያውቅም ይላል።

መዝገብ ያዥ፦ መሪህ ተሳስቷል፤ ይህን ጥያቄ በመጠየቅህም ደስ ብሎኛል። የ1974ቱ መጽሐፍ ራሱ ተጫዋች ማንኛውንም ፍጡር ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ምሳሌ አድርጎ ያነሳውም ዘንዶን ነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ደካማ ሆኖ መጀመር። ዘንዶ የሚፈልግ ከትንሹ፣ ከወጣቱ ዘንዶ ተነስቶ ቀስ በቀስ ያድጋል። በ1979 በወጣው የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ግን ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ ሐሳቡን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ጭራቅ መሆን የሚፈልጉት አብዛኞቹ የሚያዩት ጉልበቱን ነው ብሎ።

ስለዚህ ለመሪህ ሁለቱንም ንገረው። ከዚያ ጉልበቱን ትተህ ሌላውን አምጣለት፦ ዘንዶህ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከማን ጎጆ ወጣ፣ ትንንሽ ፍጡራን መካከል ምን ሊያደርግ መጣ፣ ማን አሳዶ ሊይዘው ይፈልጋል። እሳቱን በ1ኛ ደረጃ ካለ ድራጎንቦርን እሳት ጋር እኩል አድርገው፣ ክንፉንም እስከ 5ኛ ደረጃ ያልጠነከረ አድርገው። ያኔ እምቢ ለማለት ይከብደዋል። እትሙን አልጻፍክም፤ እኔ በ2024ቱ ነው የመለስኩልህ።