ግራትስ ላይ ሰዓት ከማየትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቪየና ነው። በሚቀጥለው ወር ሁለት አብሮ አደጎቼ ከፍራንክፈርት ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ቪየናን ባለፈው ጊዜ አዙሬ ስላሳየኋቸው አሁን ለአንድ ቀን ግራትስ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ችግሩ፣ አንዷን ጉልበቷን ያማታል። ሌላዋ ደግሞ ጿሚ ናት፣ ቀኑም ዓርብ ላይ ዋለብን። እኔ ራሴ ከተማዋን አላውቃትም። ኢንተርኔት ላይ «የግድ መታየት ያለባቸው» የተባሉ 15 ቦታዎች አግኝቻለሁ። በአንድ ቀን ይዳረሳሉ?
እኅታችሁ ከቪየና

መልስ፦ 15 ቦታ? እህቴ፣ ይሄማ ሽርሽር ሳይሆን ሩጫ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛሽ ሦስተኛው ላይ ትቀየምሻለች። አንድ ኮረብታ፣ አንድ ገበያ፣ ሁለት ግቢ ይበቃችኋል። የቀረው ጊዜ ለወሬ ይሁን፤ ስንት ዓመት ያልተወራ ወሬ አላችሁ።

ጉዞው በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ይላል። ዜመሪንግ ተራራ ላይ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ። መስመሩ ከ1848 እስከ 1854 የተሠራ ነው፤ ድልድዩና ዋሻው ተከታትሎ ይመጣል።

እንደ ደረሳችሁ መጀመሪያ ካይዘር ዮዜፍ ፕላትስ ሂዱ። የገበሬዎች ገበያ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስለማታገኙት በጠዋቱ ይሁን። እዚያ የዱባ ፍሬ ዘይት ታያላችሁ። እኛ የዱባ ፍሬ ቆልተን እንቆረጥመዋለን፣ የሽታየርማርክ (ግራትስ ያለችበት ክፍለ ሀገር) ሰዎች ደግሞ ጨምቀው ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ያወጡበታል፣ ሰላጣ ላይም ቫኒላ አይስክሬም ላይም ሳይቀር ያፈሱታል (አይስክሬሙን ስሰማ ስቄ ነበር፣ ቀምሼው ዝም አልኩ)። ለጿሚዋ ጓደኛሽ የምመክረው «ኬፈርቦነን» የሚባለውን ሰላጣ ነው። ትልልቅ የአደንጓሬ ዓይነት ባቄላ፣ ሽንኩርትና ይሄው ዘይት። አንዳንድ ቤት ላዩ ላይ እንቁላል ስለሚያደርጉበት ስታዝዙ «ኦኔ አይ» በሉ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ደግሞ ነጭ ልብስ አትልበሱ። የዘይቱ ጠብታ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ከገበያው ቡርግ የሚባለው የድሮው ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። ግቢው ውስጥ በ1499 የተሠራ መንታ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። አንድ ላይ ትነሳላችሁ፣ ግራና ቀኝ ትለያያላችሁ፣ አንድ ዙር ዞራችሁ መልሳችሁ ትገናኛላችሁ። መግቢያ አይከፈልበትም። ጉልበቷን የሚያማት ከታች ቆማ ፎቶ ታንሳችሁ። እዚያው ሰፈር ሆፍጋሴ ላይ ከ1569 ጀምሮ ያለ ዳቦ ቤት ታገኛላችሁ፣ ስሙ ኤዴገር ታክስ ነው። የእንጨት ቅርጹ ራሱ ቆም ያደርጋል። ሁለተኛው ግቢ ላንድሃውስ ነው፤ ዶሜኒኮ ዴላሊዮ የሚባል ጣሊያናዊ በ16ኛው መቶ ዘመን የሠራው፣ በቅስት የተከበበ። ገብቶ ለመቀመጥ ነው የተፈጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሽሎስበርግ የሚባለው ኮረብታ ከዋናው አደባባይ 123 ሜትር ከፍ ይላል። ደረጃው 260 ነው፣ ለእናንተ አይሆንም፣ እርሱት። ከኮረብታው ሥር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕዝቡ ከቦምብ የሚሸሸግባቸው ዋሻዎች አሉ። በእነሱ ውስጥ ገብታችሁ በመስታወት ሊፍት በኮረብታው ሆድ ትወጣላችሁ፣ ልክ የሰዓቱ ማማ አጠገብ።

ይሄ ማማ ታሪክ አለው። በ1809 ናፖሊዮን ኮረብታው ላይ የነበረውን ምሽግ እንዲፈርስ አዘዘ፣ ጦሩ በውጊያ ሊይዘው አልቻለም ነበር። የከተማው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሰዓቱንና የደወሉን ማማ አስተረፈ። የቀረው አብዛኛው ፈረሰ።

ግን ተጠንቀቁ፣ ሰዓቱ የተገለበጠ ነው። ረጅሙ ዘንግ ሰዓቱን፣ አጭሩ ደቂቃውን ይቆጥራል። መጀመሪያ የሰዓት ዘንግ ብቻ ነበረው፣ ከሩቅ እንዲታይ ረጅም ተደርጎ፤ የደቂቃው ኋላ ሲመጣ አጭር አደረጉት። እኛ ሰዓት መገልበጥ የለመድን ሰዎች ነን፣ ፈረንጅ ሦስት ሲል ዘጠኝ እንላለን፣ በቀን ስንቴ ስድስት እንደምንደምርና እንደምንቀንስ ማን ይቆጥራል። ያም ሆኖ ሸወደን። ከጓደኞቼ ጋር ሄደን አንዱ ሣር ላይ ተኝቶ ነቃና ቀና ብሎ አየ። «ገና ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው» አለ። እኛም ወሬ ይዘን አመንነው። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፣ አንድም ሰው አላወጣም! ለአሥር ሰዓቱ ባቡር የገዛነው ርካሽ ቲኬት ለዚያ ባቡር ብቻ የሚሠራ ስለነበር ተቃጠለ፣ ሌላ በሙሉ ዋጋ ገዛን። ስለዚህ ለመሄጃ ርካሹን ግዙ። ለመመለሻ ግን ከባቡር ጋር ያልታሰረውን።

ከማማው ሥር ሆናችሁ ቀይ ጣሪያዎቹን ታያላችሁ፣ በመሃላቸው አንድ ሰማያዊ ያበጠ ነገር ብቅ ይላል። ኩንስትሃውስ ነው፣ በ2003 የተሠራ ሙዚየም፤ የከተማው ሰው «ወዳጁ የሌላ ዓለም ፍጡር» ይለዋል። ከላይ ማየቱ ይበቃል። ኤገንበርግ ቤተ መንግሥት ደግሞ ለሌላ ቀን ይቆይ። በዓመቱ ቀናት ልክ 365 መስኮት አለው ይባልለታል፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ጳጉሜን ስድስትን የት እንዳደረጓት አላውቅም።

ከወረዳችሁ ግሎከንሽፒልፕላትስ ላይ በአምስት፣ በዘጠኝና በአሥራ ሁለት ሰዓት የእንጨት ባልና ሚስት ከመስኮት ወጥተው ይጨፍራሉ፣ መጨረሻ ላይ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሰዓቱ ካጋጠማችሁ ቁሙ፣ ካላጋጠማችሁ አትሩጡ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ያለችው «ሊዝል» የምትባል ደወል 101 ጊዜ ትደወላለች። ለመቁጠር ሞክሬ 60 አካባቢ ጠፋብኝ። እሷን ሰምታችሁ ተመለሱ፣ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በስልክ።