ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ፒክአፕ

ጥያቄ፦ መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ የቤንዚን፣ ባለ ካርቡሬተር፣ አራት ሲሊንደር። ጠዋት ደሴ ላይ በቾክ ደህና ትነሳለች። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች፤ ኮምቦልቻ ወርጄ ስቆም ደግሞ ትጠፋለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ መካኒኩም ሚኒሞውን ከፍ አደረገው፤ ለውጥ የለም። «የአየር ለውጥ ነው፣ ካርቡሬተሩ ይቀየር» ይሉኛል። ምን ይሻላል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ካርቡሬተር ለመግዛት አይቸኩሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉ በትንሹ ይሳሳል (ቤንዚኑ ያንሳል)፤ ጤነኛ ሞተር ግን በዚህ አይጠፋም። ቀድሞ የነበረ ጉድለት ነው ኮምቦልቻ ላይ ጎልቶ የሚወጣው።

ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ቾኩን በግማሽ ይሳቡ። መንቀጥቀጡ ከቀነሰ ቤንዚን አንሷታል፣ ወይም በማይገባ ቦታ አየር እየሳበች ነው። ከባሰባትና ጥቁር ጭስ ካመጣች ግን በዝቶባታል፤ የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊና መርፌውን ያስፈትሹ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦዎቹን በየተራ ይንቀሉ፤ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ፣ ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) እንዳይጎዳም የሽቦውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ አስጠግተው። ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ካልደከመ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር፤ ሽቦውን፣ ካንዴላውን (ክፍተቱ 0.8 ሚሊሜትር) እና የቫልቩን ክፍተት ይዩ። አራቱም እኩል ካደከሙት ችግሩ የጋራ ነው።

የጋራ ከሆነ በብዛት የሚገኘው ካርቡሬተሩ ሥር ነው። ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይደርቃል፣ ሙቀት መከላከያው ይሰነጠቃል። ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይቀቡ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ እሳት ነው፣ ይተዉት። ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዘው) የሚሄደውን ጎማ ቱቦም በፒንሳ ጨምቀው ይያዙት፤ መንቀጥቀጡ ካቆመ ሰርቮው ወይም ቱቦው አየር ያስገባል።

አየር የማያስገባ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የሚኒሞ ቤንዚን ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ቀጭኑ እሱ ስለሆነ ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ቆሻሻ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። በሽቦ አይውጉት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ያስነፉት። ካርቡሬተሩ ላይ አንድ ሽቦ የሚገባባት ቫልቭ ካለች ቁልፉ ሲከፈት ጠቅ ማለት አለባት፤ ዝም ካለች ቀዳዳው ንጹሕ ቢሆንም የሚኒሞ ቤንዚን አይመጣም።

መካኒክዎ ከፍ ያደረገውን ሚኒሞ ይመልሱት። ጋዙ አብዝቶ ከተከፈተ ሞተሩ ከሌላ ቀዳዳ ስለሚጠጣ የቅልቅል ብሎኑ ቢዞር ባይዞር ለውጥ የለውም። ብሎኑን ቀስ አድርገው እስኪነካ ያስገቡ (ከተጨነቀ ጫፉ ይበላሻል)፣ ከዚያ 2 ዙር ይመልሱ። በሞቀ ሞተር ፍጥነቱ ከፍ እስኪል ያስተካክሉ፣ ሚኒሞውን ወደ 700 ዙር ያውርዱ፣ እንደገና ይድገሙ። ደሴ ላይ የሚያስተካክሉ ከሆነ ለኮምቦልቻ ሲሉ ሩብ ዙር የማትሞላ ያህል ወፈር አድርገው ይተዉት።

ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የአየር መሳብ ኃይል የሚለካ) ያለው ጋራዥ ከሄዱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ከ17 እስከ 21 ኢንች ለባሕር ጠለል ነው፤ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 የሚያሳይና መርፌው የማይርገበገብ ሞተር ደህና ነው። ይህን ሳያውቅ «ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል» ብሎ ሞተር የሚያስወርድ አይጠፋም። ኮምፕሬሽንም (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) እንዲሁ ዝቅ ይላል፤ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ የተበላ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት ለማስነሳት የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይሠራል?

መልስ፦ ከመንገድ ቤት ያደርሳል። አንዱ ገጽ ጎድጉዶ ሌላው ጉብ ካለ ግን በፊለር (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ሲለኩት ትክክል ይመስላል፣ እውነተኛው ክፍተት ሌላ ነው። አዲስ አስገብተው 0.45 ሚሊሜትር ያድርጉት፤ አዲሱም ቶሎ ከተበላ ኮንደንሰሩን ይቀይሩ።