740 ኤ ኤም ሲመሽ ለምን ይጠፋል?

740 ኤ ኤም ላይ የምትሰማው ጣቢያ ሲመሽ ለምን እንደሚጠፋና ታሪኩ ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ሬዲዮህ አልተበላሸም። አሜሪካ ውስጥ ማውንት ኤሪ፣ ኖርዝ ካሮላይና አካባቢ ቀን ጥርት ብሎ የሰማኸው ደብሊው ፒ ኤ ኪው የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ሲመሽ የጠፋብህ ጣቢያው ራሱ ኃይሉን ስለሚቀንስ ነው። የኤ ኤም ሞገድ ማታ ከላይኛው አየር እየነጠረ ሩቅ ይደርሳል፤ በ740 ላይ ደግሞ የቶሮንቶ፣ ካናዳ ጣቢያ አለ። እንዳይረባበሹ ሕጉ ያስገድዳል። ማታ በኢንተርኔት ክፈተው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ጣቢያውን ራልፍ ኤፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1948 የከፈተው ነው። የተራራውን አገር የባንጆ (ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) እና የቫዮሊን ሙዚቃ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀጥታ ያሰማል፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ። ፋሽን ሲቀያየር አለመቀየሩን ነው የምወድለት።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ ኤ ኤም ስትሰማ የስልክ ቻርጀሩን ከመኪናው ንቀል። እኔ ጣቢያው ደከመ እያልኩ ስማረር ከርሜ፣ ጩኸቱ የርካሽ ቻርጀሬ ሆኖ ተገኘ።